ሰርጉን የሰረዘው ሙከራ

ቻርጀር የሚለውን ስም ያወጡለት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው፤ ደግሞ አልበዛበትም። ሰው ቤት ሲገባ ገና ሰላም ሳይል ዓይኑ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚሄደው፣ ሶኬት ፍለጋ! እንዲያውም አንዴ አጎቱ ታሞ ሊጠይቀው ሄዶ የአልጋውን መብራት ነቅሎ ላፕቶፑን ሰካ። አጎትየው ጨለማ ውስጥ ሆኖ «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንኳን መጣህ፣ ቤቱን ብርሃን አደረግከው» አለው። እሱ እቴ፣ ሽሙጡ መቼ ገባውና! «ምንም አይደል ጋሼ» ብሎ መጻፉን ቀጠለ።

ስራው ሶፍትዌር መስራት ነው። ቀን ለቢሮ ይሰራል። ከቢሮ ሲወጣ ደግሞ ለራሱ ይሰራል፤ «የግል ፕሮጀክቶቼ» የሚላቸው አሉት፣ አቤት ብዛታቸው! አበባ ውሃ የሚጠጣበትን ሰዓት የሚያስታውስ አፕ አለ፤ እሱን ሲሰራ ቤቱ ያለው አበባ በውሃ ጥም ሞተ። ሰውን በጊዜ የሚያስተኛ አፕ አለ፤ እሱን ሲሰራ ዓይኑ ቀልቶ ቲማቲም መሰለ። ካልሲ ሲጠፋ ጓደኛውን የሚፈልግ ምናምን ሁላ አለ። ሁሉም ተጀምረዋል፣ አንዱም አላለቀም። አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላ ሐሳብ ይመጣለታላ! ምን ያድርግ የኔ ጎበዝ፣ ሐሳብ እንደሆነ አንኳኩቶ አይገባ።

እጮኛው ነርስ ናት። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ጄሶ ታስራለች። እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ከእጇ ይፈጥናል፣ ስትስቅ ደግሞ፣ ወይኔ፣ በሽተኞቹ ሌላውንም እግራቸውን ሊሰብሩ ምንም አይቀራቸው! ፕሮጀክቶቹን «የእንጀራ ልጆቼ» ነው የምትላቸው። «የእንጀራ ልጆቼ እንዴት አደሩ? በልተዋል? አንተስ ቀምሰሃል?» ትለዋለች። ሰርጉ ሲቃረብ ግን ቀልዱ አለቀባት። አዳራሽ ልታሳየው ይዛው ሄዳ፣ እሷ ስለ ወንበሩ ስታወራ እሱ ጠረጴዛ ስር ተንበርክኮ ሶኬቱ መስራት አለመስራቱን ሲያይ አገኘችው።

«ተነስ» አለችው። «ቢሮህ አለ፣ እኔ አለሁ፣ የእንጀራ ልጆቼ አሉ። በዚህ አያያዝህ አትዘልቅም። ምረጥ።»

«አስተካክለዋለሁ።»

«መቼ?»

«አሁኑኑ! እቅድ አወጣለሁ።»

እናቱ ይህን ስትሰማ «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለችው። እሱ እኮ ሦስተኛው ዛፍ ላይ ደርሷል እማማ፣ ለዚያውም ላፕቶፕ ታቅፎ!

እቅዱን አወጣ እንግዲህ። አቤት እቅድ! ክብ ስሎ እንደ ኬክ ቆራረጠና ቀለም ቀባው፤ ሰማያዊው ቢሮ፣ አረንጓዴው ፕሮጀክት፣ ቀዩ ኑሮ። ቀዩ ከመቅጠኑ የተነሳ የተቀባ ሳይሆን እስክሪብቶ ያመለጠው ነው የሚመስለው። ፍሪጅ ላይ ለጠፈው። ቁጭ ብሎ ሲያየው፣ ሲያየው፣ ያ ጭንቅላቱ አንድ ነገር ወለደ። ለምን ሰርጉን ራሱን ፕሮጀክት አያደርገውም? አረንጓዴውና ቀዩ ይቀላቀላሉ፣ ጊዜ ይተርፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል! ሊቅ እኮ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠቱ ግፍ ነው።

ለእሷ አልነገራትም፣ ሰርፕራይዝ ነዋ። የእንግዶቹን ስልክ ከሁለቱም ወገን ሰብስቦ የሰርግ ጥሪ የሚልክ ሲስተም መስራት ጀመረ። ጥሪ ይልካል፣ ቀኑን ያስታውሳል፣ የአዳራሹን መንገድ ያሳያል። በናታችሁ፣ እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? አያቆምም! የጎደለ ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስደውም። «ሰርዝ» የሚል ቁልፍም ጨመረበት። ሰርግ ላይ!

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ፕሮግራመሮች አንድ ሕግ አላቸው። አዲስ የሰሩትን ነገር በእውነተኛ ሰው ስልክ አይሞክሩም። የውሸት ስሞች ያዘጋጃሉ፣ አቶ ሙከራ፣ ወይዘሮ ሙከራ፣ ሕፃን ሙከራ፤ መልእክቱ ወደነሱ ይሄዳል፣ ማንም አይደነግጥም። ይህን ሕግ ቢሮ ውስጥ ለአዲስ ሰራተኞች የሚያስተምረው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ቻርጀር! ያውም ጣቱን እየቀሰረ። ለገዛ ሰርጉ ግን የውሸት ስም መደርደር ጊዜ ማባከን መሰለው። ኋላ አደርገዋለሁ አለ።

አርብ ከሰዓት ስብሰባ ላይ ናቸው። አለቃው ቆሞ ያወራል። የአለቃው አመል ምን መሰላችሁ፣ ሥራ ሁሉ ለሱ «ትንሽ ነገር ናት»። ግድብ ስሩ ቢልም «ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ነው።

«ትንሽ ነገር ናት የቀረችን» ይላል። «ዛሬ እናመሻለን፣ ነገ ቅዳሜም እንገባለን፣ በቃ።»

ቻርጀር ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ላፕቶፑን ግን ወደ ሆዱ አዙሮ የሰርግ ሲስተሙን እየነካካ ነው። የቀረችው አንድ ቁልፍ ናት፣ ሰርዝ። ተጫናት። «ምክንያት ይጻፉ» አለው የገዛ ሲስተሙ። ዝም ብሎ የመጣለትን ጻፈ። «ላክ» አለው፣ ላከ።

መጀመሪያ የሒሳብ ሰራተኛዋ ስልክ ጢን አለ። ቀጥሎ የዲዛይነሩ። ቀጥሎ ከወዲያ ጢን፣ ከወዲህ ጢን፣ ክፍሉ በሙሉ ጢን ጢን ጢን! የቢሮው ሰው ሁሉ ተጠርቷላ። መጨረሻ ላይ የአለቃው። ቻርጀር የራሱን ስልክ አየ። «ውድ እንግዳችን፣ ሰርጉ ተሰርዟል። ምክንያት፦ ሙሽራው ሐሳቡን ቀይሯል።»

ደሙ ከራሱ ወርዶ ጫማው ውስጥ ገባ።

የሒሳብ ሰራተኛዋ አፏን ይዛለች። አለቃው መልእክቱን ሁለቴ አነበበና መነጽሩን አውልቆ በሐዘኔታ አየው፤ ሰው እኮ ነው፣ አንጀት አለው።

«አይዞህ ወንድሜ» አለው። «ያጋጥማል።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «እንግዲህ የሰርጉ ሳምንት ነፃ ነህ ማለት ነው?»

ቻርጀር ስልኩን አነሳ። ስልኩ እሳት ሆኗል። መጀመሪያ እናቱ።

«ምነው ልጄ! ምነው! ማን ምን አለህ? ሰው ሳይሰማ ለኔ አትነግረኝም?»

«እማዬ ሙከራ ነው!»

«ሰርግ ይሞከራል እንዴ?!»

ቀጥሎ አጎቱ፣ ያ በጨለማ የተጠየቀው። «ገና ዛሬ ወንድ ሆንክ! እኔ በጊዜዬ ይህን ቁልፍ ባገኝ ኖሮ!» ከጀርባው የሚስቱ ድምፅ ተሰማና ስልኩ ወዲያው ተዘጋ። ነፍሱን ይማረው ብለን እንለፈው።

ሊቁ አሁንም ልብ አልገዛም። «ስህተት ነው፣ ሰርጉ አለ» የሚል ሌላ መልእክት በዚያው ሲስተም ሊልክ ሞከረ። መልእክቱን የሚያስተላልፈው ድርጅት ደግሞ በአንዴ ይህን ሁሉ የሚልክ አጭበርባሪ ነው ብሎ ዘጋበት። ይበለው!

ሁሉም ደወለ፤ እሷ ብቻ አልደወለችም። የእሷም ስልክ ከእንግዶቹ ጋር ተመዝግቧል፤ የተላከላት መልእክት ላይ «ተነቧል» ይላል። ደወለላት፣ አላነሳችም። ደገመ፣ አላነሳችም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። እሷ ዝም አለች ማለት የምሯን ነው።

ተነሳ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ፣ እንደተከፈተ! አለቃው ከኋላ «ወዴት ነው? ትንሽ ነገር እኮ ናት የቀረችን!» እያለ ይጣራል።

እጮኛው የምትሰራበት ሆስፒታል የጄሶው ክፍል በሩ ገርበብ ብሏል። አንድ ሽማግሌ አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ እሷ እርጥቡን ጄሶ ትጠቀልልላቸዋለች። ቻርጀር ላብ በላብ ሆኖ ደፉ ላይ ቆመ።

«ተራህን ጠብቅ» አለችው፣ ዞር እንኳን ሳትል።

«አልተሰበርኩም እኮ።»

«ገና ነዋ።»

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው አባባ።»

«ቀጭን ነው» አሉ።

«ስሚኝ» አላት፣ «ሙከራ ነበር። ላንቺ ሰርፕራይዝ ብዬ የጥሪ ሲስተም እየሰራሁ…»

«ሰርፕራይዙማ ደርሶኛል። ሰርዝ የሚል ቁልፍ ለምን ሰራህለት?»

«ማንኛውም ሲስተም ላይ ይኖራል። አሁን ትኬት ብትቆርጪ…»

«ትኬት ነኝ?»

«አይ፣ ማለቴ…»

«ይሁን፣ ቁልፉን ተወው። ምክንያቱን ማን ጻፈው?»

«እኔ። ዝም ብዬ፣ የመጣልኝን።»

አሁን ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ እጇ እስከ ክርኗ ጄሶ ነው። «አዎ፣ የመጣልህን። ሀ ሁ ብለህ መጻፍ ትችል ነበር። ሙከራ ብለህ መጻፍ ትችል ነበር። ስንት ቃል እያለ የመጣልህ እሱ ነው።»

ሽማግሌው «ልክ ናት» አሉ ለራሳቸው፣ ግን ሁሉም ሰማቸው።

ቻርጀር ሰበብ ሲፈልግ፣ ሲፈልግ አጣ፤ ብርቅ ነው፣ ሰበብ አጥቶ አያውቅም እኮ! ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ እውነቱን ተናገረ።

«ፈርቻለሁ» አለ። «አንቺን አይደለም። ቢሮ ስውል የምሰራው ሁሉ የአለቃዬ ነው። ምን ልስራ፣ መቼ ልጨርስ፣ እሱ ነው የሚያዘኝ። እነዚያ የማልጨርሳቸው ነገሮች ግን የኔ ናቸው። ማንም አያዘኝም። ምረጥ ስትዪኝ እነሱን ግደል ያልሽኝ መሰለኝ። ልገድላቸው አልቻልኩም፣ አንቺንም ማጣት አልፈልግም። ለዚህ ነው አደባልቄ…»

«ስማ አንተ ሰው» አለችው። ድምጿ ረገብ ብሏል፣ ትንሽ ብቻ። «ግደላቸው አልኩህ? ምረጥ ነው ያልኩህ። ከነሱ አንዱን ምረጥ፣ ጨርሰው፣ እንየው! ሌላው ይቆይ። አለቃህን ደግሞ አንድ ቀን እንኳን እምቢ በለው። እኔን ከነሱ ጋር አሰልፈህ ቀለም ትቀባኛለህ? ያቺን ክር የምታክል ቀይ ፍሪጅህ ላይ አላየሁም መሰለህ?»

«ትልቅ አደርጋታለሁ…»

«ቅደዳት!»

«እቀዳታለሁ።»

«አሁን ሰርጉን የሰረዘው ማነው?»

«እኔ።»

«አንተው መልሰው። በሲስተም አይደለም፣ በአፍህ። ለእያንዳንዱ ሰው ደውል።»

«አንቺስ? ትመጪያለሽ?»

«እኔ እያሰብኩ ነው። እንዳንተ የመጣልኝን አልናገርም።» ብላ ፊቷን ወደ እግሩ መለሰች፣ ወደ ሽማግሌው እግር ማለቴ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጠና መደወል ጀመረ። አቤት ጭንቁ! እሱ እኮ ጎረቤቱን እንኳን በጽሑፍ ነው ሰላም የሚለው። የመጀመሪያዎቹን ሲያወራ ይንተባተባል፣ «እ… ሰርጉ… ማለት… አለ» ይላል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። አንዲት የእናቱ ጓደኛ «እንዲያው ድምፅህን ሰማሁት፣ ትልቅ ሰው ሆነሃል፣ ምነው ጠፋህ?» ብላ ስለ ጉልበቷ ሕመም እስኪበቃት ነገረችው። እሱም ሰማት። ላፕቶፕ የለም፣ ወዴት ይሽሽ! ከዚያ የራሱ ጉድ ገረመው፣ «የጉልበት ጎበዝ ነርስ አውቃለሁ» ብሎ አረፈው። ያወቃት ግን ገና ዛሬ ነው።

መሐል ላይ አለቃው ደወለ።

«የት ደረስክ? ሁሉም አንተን እየጠበቀ ነው። ትንሽ ነገር ናት፣ ና አሁን።»

ቻርጀር ገርበብ ባለው በር ወደ ክፍሉ አየ። ጀርባዋን ሰጥታዋለች፣ ግን እጇ ቆሟል።

«ትንሽ ከሆነችማ» አለ፣ «ሰኞ ትደርሳለች።»

«ምን አልክ?»

«ሰኞ ጠዋት እገባለሁ። ነገ አልመጣም። የሰርጉ ሳምንትም አልኖርም፣ ሰርጉ አለ።»

ዘጋው። አልሞተም! ጣሪያው አልወደቀም። ሰው ለካ እምቢ ብሎም በሕይወት ይኖራል። እጇ ጄሶውን መጠቅለል ቀጠለ።

ሁሉንም ሲጨርስ ጉሮሮው ደርቆ ድምፁ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ሂድም ቆይም ያለው የለም፤ እዚያው ቁጭ አለ። ምንም ሳይነካካ፣ ዝም ብሎ። ሽማግሌውን ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ስታልፍ «አይዞህ፣ የኔን ጠበቅ አድርጋ ነው ያሰረችው፣ ያንተን አላውቅም» አሉት።

ስራ ስትጨርስ ወጣች። ነጩን ጋውን አውልቃ፣ ጸጉሯ ላይ ጄሶ ቀርቶባት፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ። ፊቱ ቆመች። እሱም ቆመ።

«ለአክስቴ ደወልክ?» አለችው። «ቀሚሷን ልትመልስ ሱቅ ሄዳ ነበር።»

«ደውያለሁ።»

«ምን አለችህ?»

«መጀመሪያ ሰደበችኝ። ከዚያ መረቀችኝ። ልዘጋ ስል አንዴ ቆይ ብላ እንደገና ሰደበችኝ።»

ከንፈሯን ነከሰች። ጣሪያ አየች፣ ወለል አየች፣ አልሆነላትም፤ ያ ሳቋ አመለጣት፣ ኮሪደሩን ሞላው። ስታበቃ በጄሶ የደረቀ ጣቷ ዓይኗን ጠረገችና «ገና አልጨረስኩብህም» አለችው። ቦርሳዋን ደረቱ ላይ አስደገፈችለት።

«ያዝ» አለችው። «ከባድ ነው። መንገድ ላይ የትኛውን እንደምትጨርስ ትነግረኛለህ።»