የጉታ ጣቶች ልኬት

"እግርዎን ያሳርፉት እንጂ አይርገጡ። ዘንጓን በጣቶችዎ ብቻ ጨብጠው ወደ ራስዎ ይሳቡ" አለች ያኔት።

ጉታ ቀኝ እግሩን ጠፍጣፋው መሣሪያ ላይ አሳርፎ ጣቶቹን በብረቷ ዘንግ ላይ አጠፋቸው። ያኔት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጥናቷ ሰበታ ወዳለው የዘይት ፋብሪካ ክሊኒክ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጀምሮ ጡረታ ደጃፍ እስከደረሰው ድረስ ሠራተኛውን እያስጠራች የእግር ጣቱን ጉልበት ትለካለች። ለምን ሲሏት፣ ጣቱ የደከመ ሰው ቶሎ ስለሚወድቅ፣ መሣሪያው የወጣቱንም የሽማግሌውንም በትክክል መለካቱን ማረጋገጥ አለብኝ ትላለች።

ጉታ አላመናትም። እጅ እያለ፣ ወገብ እያለ፣ የመጋዘን ሠራተኛ የእግር ጣት ለማን ምን ያደርግለታል? ደግሞ ስትጠራው "አባባ" ብላዋለች። ወረቀቱ የሚለው ሃምሳ አምስት ነው። ምን አይታበት ነው አባባ ያለችው?

እውነተኛ ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሊቀጠር ሲመጣ፣ ከአርባ አምስት በላይ የሆነ አንወስድም ስላሉት ስምንት ዓመት ቀንሶ ተመዘገበ። ይህን ከሚስቱ ከዱርሲቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቢታወቅ በክብር ጡረታ መውጣት ቀርቶ፣ አጭበርባሪ ተብሎ መባረር አለ። የፎርክሊፍት ሹፌሩ ኤርምያስ ትናንት ምሳ ላይ፣ የፈረስ ዕድሜ ጥርሱ ታይቶ እንደሚታወቀው የእኛንም በጣታችን ሊያውቁት ነው ብሎ ሰዉን ሲያስቅ ጉታም አብሮ ሳቀ። ምሳውን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ስለዚህ ያኔት መሣሪያውን ለማስተካከል ስታጎነብስ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨመደደና ተረከዙን ተክሎ ከወገቡ ሳበ። መሣሪያው አሥራ ሰባት ኪሎ አለ። ጎበዝ ነዎት ብላ ጻፈችና ከሳምንት በኋላ እንዲመለስ ቀጠረችው።

"ለካሽኝ አይደል? ሁለተኛ ለምን?"

"ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸውን ለማየት ነው። የምፈትነው መሣሪያውን እንጂ እርስዎን አይደለም።"

ይሄም አልጣመውም።

ረቡዕ ዕለት የሰው ኃይል ኃላፊዋ መኪያ ወረቀት ታቅፋ ከክሊኒኩ ስትወጣ አያት። "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጉታ?" ብላ በኦሮምኛ፣ በአክብሮት ሰላም አለችው። ሌላ ጊዜ ቀና ብላም አታየው። ማታ ተፍኪ ያለው ቤቱ ሲደርስ ነገሩን ለዱርሲቱ አጫወታት። እሷ ግን የመኪያን ነገር ትታ ሌላ ጠየቀችው።

"ክረምት ላይ ከመሰላል የወደቅከውንስ ለልጅቷ ነግረሃታል?" አለችው።

ተነሥቶ ወጣ።

በሳምንቱ ሲመለስ የክሊኒኩ ወንበር ተወስዶ በምትኩ እጅ የሚይዘው ጠርዝ የሌላት አጭር በርጩማ ተቀምጣለች። ያኔት እጆቹን ደረቱ ላይ እንዲያጣምር ነገረችው። ሳበ፤ ስድስት። ደገመ፤ አምስት። ሠለሰ፤ ስድስት።

ያኔት መሣሪያውን ገለበጠች፤ ሽቦውን ነካካች። ከዚያ ለአስተማሪዋ ደወለች። ሰውየው ሲናገር ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። ቀደም ሲል ሱሉልታና ቡራዩ ላይ ስትለኪ ተቀራርቦ የተገኘው ልክ ሰበታ ላይ እንዲህ ከተራራቀ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ እዚያ የለካሽውን የአርባውንም ሰው ቁጥር ጣይው አላት። እሺ ብላ ዘጋችና ዕቃዋን ትሰበስብ ጀመር።

ጉታ ጫማውን ሳያጠልቅ ተቀምጦ አያት።

"መኪያ ረቡዕ የወሰደችው ወረቀት ምንድን ነው?"

"የፈረቃ ዝርዝር። ማን መቼ እንደሚመቸው እንድትሞላልኝ ሰጥቻት ነበር።"

ፊቷ ላይ ውሸት ፈለገ። አላገኘም፤ ቢሆንም ልቡ አልረጋም።

"መዝገቡን እስቲ አሳዪኝ።"

ዘረጋችለት። ስም የለውም። በእሱ ስም ፈንታ ሃያ ሦስት የሚል መለያ፣ ከጎኑ ዕድሜ፣ እግር፣ ኪሎ። ስሞቹ ያሉበት ወረቀት እሷ ቤት ተቆልፎበት እንደተቀመጠ፣ ጥናቱ ሲያልቅም እንደሚቃጠል ነገረችው። እስኪቃጠል ድረስ አለ ማለት ነው፣ አለ ጉታ በልቡ።

ልጅቷ መሣሪያውን ከረጢት ውስጥ ልትከት ስትል ግን፣ "ተይው" አላት። "እሱ ጤነኛ ነው። ያኔ ወንበሩን ይዤ ነበር የሳብኩት።"

ያኔት አልተቆጣችም። ቁጭ ብላ ቁጥሮቹን ትክ ብላ አየቻቸው።

"እንዲህ ከሆነ ያሰጋኛል" አለች። "ለሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ስድስት ኪሎ በጣም ያንሳል። ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ስኳርም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ማየት አለብዎት። ወድቀው ያውቃሉ?"

"ክረምት ላይ። ከመሰላል።"

የሪፈር ወረቀት አወጣች። ጉታ ግርጌውን አነበበ፤ የሰው ኃይል ፊርማ ይጠይቃል። ወጥመዱ ይሄ ነበር ማለት ነው? ወይስ ልጅቷ የምሯን ነው? ሁለቱንም መዘነ፤ አንዱም አልደፋለትም። ያኔት እስክሪብቶዋን እንደያዘች ትጠብቀዋለች፤ ደጅ የፎርክሊፍቱ ድምፅ ይሰማል።

ተነሥቶ በባዶ እግሩ ሄደና በሩን ዘጋው። ተመልሶም እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰደና፣ ከሃያ ሦስት ጎን ያለውን ሃምሳ አምስት ሰርዞ ስልሳ ሦስት ብሎ ጻፈበት። ያኔት ቁጥሩን አየች፤ እሱንም አየች። የመኪያን ፊርማ የሚጠይቀውን የሪፈር ወረቀት ሳትጽፍበት ወደ ጎን አደረገችው።

"ግራው እግሬ ቀርቷል" አላት፤ በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ።