ይታያል ሲጠይቀኝ የመለስኩት

ማክሰኞ ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ወንድሜን ይታያልን ይዤ ደባርቅ ስብሰባ ገባሁ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነበር። እንደሱ ያሉ አምስት ታማሚዎች ከነአስታማሚዎቻቸው ተጠርተዋል።

የጠራችን ሰገነት ከጎንደር የመጣች የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት። አንድ ትልቅ ጥቁር መነጽር አሳየችን። ያጠለቀው ሰው ሌላ ቦታ የቆመ ይመስለዋል። ታማሚው የሚፈራው ቦታ እዚያ ውስጥ ይሠራለታል፤ ከአንድ ነርስ ጋር እየገባ፣ የጠረጠረው ነገር እውነት ይሁን አይሁን እያጣራ ይለማመዳል።

«ፍርሃታችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ» አለች። «ምን እንሥራ?»

ቢራራ የሚባል ታማሚ ቀደመ። «ለኔ የደባትን ሚኒባስ። ረዳቱ ግን እንዳይሳደብ።»

«ካልተሳደበማ ሚኒባስ ነው ብሎ ማን ያምናል?» አለ ምስክር የሚባለው ነርስ። ሁሉም ሳቀ፤ ይታያልም ሳቀ።

«አንተስ ይታያል?» አለችው ሰገነት።

«ቤታችንን» አለ። «የማኅበር ዕለት። እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል። እታለም አስነሥታ ደባት፣ አክስታችን በለጠች ዘንድ ትልከኛለች። እውነት ይሁን በሽታው ይሁን መለየት እፈልጋለሁ። ከዚያ ከሰው ጋር መቀመጥ።»

እውነት ነበር። የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራው እኛ ዘንድ በደረሰ ቁጥር እልከው ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እንደሱ የሚባል ነገር የለም» አልኩ። «ሕመሙ ነው የሚያናግረው። የሚቸግረው ገበያ ነው፤ ገበያ ሥሩለት።»

ይታያል አየኝ። «የለም እታለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው ገበያ ይሁን» አላት ሰገነትን። እሷም ጻፈች።

ስንመለስ ደስ ብሎት ነበር። «ስድስት ዓመት ሙሉ ክፉ ሳስብብሽ» አለኝ። «ይቅር በይኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት።

ሐምሌ 27 ማኅበሩ እኛ ዘንድ ዋለ። እንደ ልማዴ ደባት ሂድ እንዳልለው በሰው ፊት የተናገርኩት ያዘኝ። ሰዉ ከተቀመጠ በኋላ ነጠላውን አጣፍቶ ገባ። ቤቱ ጸጥ አለ። አባ ሃብተ ጊዮርጊስ እንኳ የጀመሩትን ወሬ አቋረጡ። ይታያል በሩ አጠገብ ቆሞ አንድ በአንድ አያቸው፤ ቀስ ብሎ ተነፈሰና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለችው ሴት ልጇን ወደ ጭኗ ሳበች። ማንም እንደምን ዋልክ አላለውም። ተነሥቼ ክንዱን ያዝኩት።

«አክስቴ በለጠች ትፈልግሃለች» አልኩት።

«ይሄም የለም እታለም?» አለኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

እስከ በሩ ሸኘሁትና ገብቼ ጠላ ቀዳሁ።

መስከረም ላይ ላመጣው ደባት ሄድኩ፤ አልመጣም አለ። ታኅሣሥ 3 ቀን በሳንባ ምች ሞተ። የተቀበረውም እዚያው ደባት ነው።