በቅቤ የተገዛ ካርድ

ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ ሱቅ ገብቶ «ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ስንት ይፈጃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው መልስ «አንተ ስንት አለህ?» የሚል ነበር። ኮምፒውተር ጠጋኙ ጌታሁን ሰው አያታልልም። ያለውን ከሰማ በኋላ ሦስቱን ዓምድ በቃሉ ይወርድለታል። አንደኛው የድሃ ነው፦ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ አሮጌ ኬዝ፣ ከሦስት የሞቱ ማሽኖች የተለቃቀመ የውስጥ ዕቃ፣ የቀረው ጸሎት። ሁለተኛው የመካከለኛ ነው፤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ የሰው እጅ ያየ። ሦስተኛው የጌታ ነው። እሱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ የሚያወራው የራሱን ምኞት ነውና።

ዓምዶቹን የጻፈው በ1995 ዓ.ም.፣ ባገባ በወሩ ነው። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ አስምሮ የየዕቃውን ስም ደረደረ፤ በሦስተኛው ዓምድ አናት ላይ «የእኔ» ብሎ ጻፈና የቁም ሣጥኑ በር ውስጥ ለጠፈው። «ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው» አላት ሙሽራዋን ብሩክታይትን። የመኪና እሽቅድድም፣ ሳይቆራረጥና ሳይንገጫገጭ፣ በገዛ ማሽኑ መጫወት ነበር የፈለገው። ከዚህ ዓለም ሌላ ቅንጦት አልጠየቀም።

ይኸው 2002 ገባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የጌታሁን እንቁላል ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ካለበት አልተነቃነቀም። ራሙን በገዛ በሳምንቱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ማሽን ውስጥ የቀረበት መምህር ወሰደው። ፓወር ሰፕላዩ የቤተ ክርስቲያኑ ኮምፒውተር ሲቃጠል ለእሁድ ፕሮግራም ሄደ፤ ሄዶም ቀረ። ሃርድ ዲስኩ የአጎቱ ልጅ ዲምቱ ለከፈተው ጽሕፈት ቤት መቋቋሚያ ሆነ። ሁሉም «ለጊዜው ነው» ይላሉ፤ ጌታሁንም እንደገና ከዜሮ ይለቃቅማል። ሰው ደግነቱን ያወራለታል። ደግነት አለበት፤ ግማሹ ግን ድካም ነበር። እንቢ ማለትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።

ባለፈው ሰኔ ግን ዕድል ቀንቶት ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት አንድ ሰማያዊ ማዘርቦርድ እጁ ገባ። አዲስ ዓይነት፣ ምንም ያልተነካ። በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው፤ አልፎ አልፎ አውርዶ ያየዋል፣ መልሶ ይጠቀልለዋል። ቀሪውም ዕቃ ቀስ በቀስ ተሟላ። የጎደለው ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰው ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነበር። ዋናውም፣ ውዱም እሱ ነው። ጌታሁን አርባ ሦስት ዓመት ሞልቶት፣ ዓይኑም ትንንሽ ብሎን ለማየት እየሰነፈ፣ ነገሩን በልቡ ትቶት ነበር።

ብሩክታይት አልተወችውም። እሷ ቦዲቲ ታስተምራለች። በየማለዳው ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ መናኸሪያ ተጋፍታ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ሄዳ ቆማ ትመለሳለች። ማታ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ስትቀመጥ፣ ባሏ ነጠላውን ፈትቶ ያን ሰማያዊ ነገር ሲያይ ታየዋለች።

ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ሰኞ ከሥራ ስትመለስ፣ ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«ምንድን ነው?»

«ፍታው እንጂ። አንተ ዕቃ መፍታት ይጠፋሃል?»

ፈታው። ካርድ ነው። የተጻፈበትን ስም አነበበ፤ በወረቀቱ ሦስተኛ ዓምድ መጨረሻ ላይ ያለው ስም፣ ፊደሉ ሳይዛነፍ። ቀጥሎ ገልብጦ ከመሰኪያው የሚገባውን የካርዱን እግር አየ። አውራ ጣቱን ደጋግሞ አሳለፈበት።

«የት አገኘሽው?»

«አዲስ አበባ የምትሄድ ባልደረባ አለችኝ። ወረቀትህን ቃል በቃል ገልብጬ ሰጠኋት። ሻጩ ‹ይህን የሚጠይቅ ሰው ዛሬም አለ?› ብሎ ሳቀ አለችኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዕቃ ነው ማለት ነዋ!»

«በምን ገንዘብ?»

ብሩክታይት ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለች «በቅቤው» አለች።

ወላይታ ምድር ላይ ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ወንዱ ዓመቱን ሙሉ ለጊፋታው በሬ ያስቀምጣል፤ ሴቷ ደግሞ ለቅቤው። ብሩክታይት ከዘጠኝ የትምህርት ቤቷ ሴቶች ጋር የቅቤ ዕቁብ ነበራት፤ በየወሩ ከደመወዟ ላይ ቆንጥራ የጣለችው በዓሉ ሲደርስ ይወጣል። ጊፋታ ያለ ቅቤ ምን ሊሆን ነው? ከእንሰት የሚሠራው ሙቿ በምን ይታሻል? ጎረቤት ይጠራ ይሆን ወይስ በር ይዘጋል? ይባስ ብሎ የጌታሁን እናት አሳየሽ ቅዳሜ ከበዴሳ ይመጣሉ። አሳየሽ ደግሞ ከሰላምታ ቀድመው የቅቤ ዕቃ የሚከፍቱ ሴት ናቸው።

«እማዬስ?» አላት።

«ዘንድሮ ዘይት ነው እላቸዋለሁ። ይቆጡኝ። ሰባት ዓመት የሰው ማሽን ስትገጥም አይቻለሁ፤ አንድ ዓመት በዘይት ብንበላ አንሞትም።» ቀና ብላ አየችው። «ልክ ነው አይደል? ይገባል?»

ይህ ሰው ለደንበኛ «አይገባም» ለማለት ዓይኑን አሽቶ አያውቅም። ሚስቱን ግን አያት፤ የጠመኔው ብናኝ አሁንም ቅንድቧ ላይ ነበር።

«ይገባል» አለ።

በማግስቱ ሰማያዊውን ቦርድና ካርዱን ሱቅ ወስዶ በሩን ገርበብ አድርጎ ሞከረው። አልገባም። እንደማይገባ ማታውኑ ያውቅ ነበር፤ ሰው ግን ያወቀውን በእጁ ካልነካው አያምንም። በነዚህ ሰባት ዓመታት ሠሪዎቹ የካርዱን እግርም የቦርዱን መሰኪያም ቀይረውታል፤ አዲሱ አሮጌውን አይቀበልም። እሱ ይህን ለስንቱ ደንበኛ ሲያስረዳ ኖሯል! ያን ጊዜ የጌታ የነበረው ካርድ ዛሬ ወርዶ ወርዶ ከድሃው ዓምድ ግርጌ ደርሷል። ወረቀቱ ግን ይህን አልሰማም። በአንዲት የእስክሪብቶ ሰረዝ የሚያልቅ ነገር ነበር፤ ያቺን ሰረዝ ሳይሰርዝ ቀረ። ለምን ይሰርዝ? ይገዛል ብሎ ማን አስቦ?

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ተናደደ ቢባል ይቀላል፤ አልተናደደም። አዘነ፣ አፈረ፣ ከሁሉ በላይ ደከመው። የሚስቱ የአንድ ዓመት ቁጠባ እጁ ላይ ነው፤ የሚገባበት ቤት የለውም። ሻጩ ስቆ የተገላገለውን ዕቃ መልሶ የሚገዛ ሞኝም አይገኝም። እውነቱን ቢነግራት ለዘይቱ ሳይሆን ለልቧ ፈራ።

እስከ ሐሙስ እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሰማያዊውን ቦርድ በነጠላው እንደተጠቀለለ በብብቱ ሸጉጦ ቶማ ዘንድ ሄደ። ቶማ ከመናኸሪያው በታች ጌም ቤት ያለው፣ ቦርዱን ከሰኔ ጀምሮ ሲለምን የከረመ ሰው ነው።

ቶማ ነጠላው ሲፈታ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ይሄንን? አሞሃል እንዴ ጌታሁን?»

«ደህና ነኝ። ጓዳህ ከጣልካቸው ውስጥ የድሮ መሰኪያ ያለው ቦርድ ስጠኝ። በላዩ የሁለት ኪሎ ቅቤ ዋጋ ጨምር።»

«ቅቤ?»

«ቅቤ።»

ቶማ ሊስቅ ብሎ ፊቱን ሲያይ ተወው። ቦርዱን አቧራውን እፍ ብሎ ሰጠው፤ ገንዘቡንም ሳይከራከር ቆጠረለት። በበዓል ሳምንት ቅቤ እሳት ነው። ጌታሁን ገበያ ወርዶ ሴቶቹ መካከል ቁጢጥ ብሎ ሲያሸት ሻጯ «ሚስትህ ሞታለች እንዴ?» ብላ አሾፈችበት። «ቦዲቲ ናት» አለና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ይዞ ወጣ።

ቅዳሜ ብሩክታይት ከጎረቤቶቿ ጋር የሰፈሩን ግቢ ስታጸዳ አረፈደች። ጌታሁን ቅቤውን ጓዳ መደርደሪያ ላይ አኑሮ፣ ማሽኑን በመኝታ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ገጠመው። ያረጀው ቦርድ ካርዱን ያለ አንዳች ክርክር ተቀበለ። ጌሙን ጫነ፤ መኪናዋ መነሻ መስመሩ ላይ ቆማ ሞተሯን ማሰማት ጀመረች። ሥዕሉ አልተንቀጠቀጠም። እጁን ወደ ቁልፎቹ ሰደደና መለሰው። ብሩክታይት ትምጣ አለ።

ብሩክታይትና አሳየሽ ደጅ ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው ጓዳ ዘለቁ። ብሩክታይት መሐረቧን እያጠበቀች ተከተለቻቸው፤ የቅዳሜውን ንግግር ሳምንቱን ሙሉ በሆዷ ስትለማመደው ነበር።

«እማማ፣ ዘንድሮ እንኳ...»

አሳየሽ ግን የእንሰቱን ቅጠል ገልጠው፣ በጣታቸው ጫፍ ቆንጥረው ቀምሰው ነበር። «የበዴሳውን አያህልም» አሉ በወላይትኛ። «ለሶዶ ቅቤ ግን ደህና ነው። ይበቃናል።»

ብሩክታይት ንግግሯን አቋርጣ ቀረብ አለች። ቅቤውን አየች፣ ከዚያ በበሩ በኩል ባሏን አየች፣ ቀጥላም ወደ መኝታ ቤቱ ሄደች። የኬዙ ጎን ገና አልተከደነም። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ነገር ኢምንት ነው፤ ቀለም ግን ታውቃለች።

«ሰማያዊው የት ሄደ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ጌታሁን ግን ከዚህ በላይ አላሳደረውም። «አልገባም፣ ብሩኬ። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ወረቀቱ የሰባት ዓመት ነው፤ እኔ ነኝ ያላረምኩት። ቦርዱን ለቶማ ሰጠሁት። ቅቤው ከዚያ ነው።»

«ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅከውን?»

«የጠበቅሁት ካርዱን ነው። እሱ ይኸውልሽ።»

ብሩክታይት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። «ደክሞኛል» አለች። «እንዲሁ... ደክሞኛል።»

«እኔም» አለ ጌታሁን።

ከጓዳ የብረት ድስት ድምፅ ተሰማ። መኪናዋ አሁንም መነሻ መስመሩ ላይ ቆማ ታጓራለች፤ ፊቷ የተዘረጋው አስፋልት ባዶ ነው። ብሩክታይት አየችው። ተነስታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አንድ ቁልፍ ተጫነች። መኪናዋ ተፈተለከች፤ ከግድግዳ ተላተመች፤ ተመልሳ መንገድ ያዘች።

«ነዳጅ አያልቅበትም?»

«አያልቅበትም።»

«ረዳት የለውም? ቆሞ የሚሄድ ሰው አይጭንም?»

«አይጭንም።»

«እንግዲያው ተወኝ። ትንሽ ልሂድበት።»

ጌታሁን እስካሁን አንድ ዙር እንኳ አልነዳም ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እጁን አነሳ፣ በሩን ቀስ ብሎ መለሰላት፣ ወደ ጓዳ ሄደ። አሳየሽ ቅቤውን ድስት ላይ ጥደው ብቻቸውን ያማስላሉ።

«እስቲ አምጪው እማዬ፣ እኔ ላንጥረው።»

እናቱ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ወንድ ልጅ ቅቤ ሲያነጥር? ሚስትህስ የት ሄደች?»

«መንገድ ላይ ናት» አላቸውና ማማሰያውን ከእጃቸው ተቀበለ።