ከሽመላው ጎጆ ሥር

ሳቢት ሱቅ የገባሁት ለጨው ነበር። ጨው እንኳ ቤቴ ሞልቷል፤ የልጅ ልጄን የጄረንን ወሬ ፈልጌ ነው። ከአንካራ መጥታ የሟች ወንድሜን ቤት ከከፈተች ወዲህ ምን እንደምትበላ፣ ምን እንደጎደላት የምሰማው ከባለሱቁ ነው። እሷን ብጠይቃት «ደህና ነኝ አያቴ» ነው መልሷ። ቶሎ ብሎ ደህና ነኝ የሚል ሰው እኔን ያስፈራኛል።

«ጎበዝ ልጅ ናት እማማ ናዝሚዬ» አለኝ ሳቢት፣ ጨዉን በወረቀት እየጠቀለለ። «ዋጋ መከራከር ግን አታውቅም። ትናንት የብረት ምድጃ ስትገዛ ዋጋ ጠራሁላት፤ እሺ አለች። ደነገጥኩ። ሳይከራከሩኝ ስሸጥ የሰረቅሁ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ቀነስክላት?»

«ራሴ ከራሴ ጋር ተከራክሬ ቀነስኩላት።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀና ሚዛኑን እየወለወለ ቀጠለ። «ቱቦ ግን ሁለት ብቻ ወሰደች። ጨምሪ ብላት ‹ግድግዳው ላይ ቀዳዳ አለ፣ እዚያ ድረስ ይበቃኛል› አለችኝ።»

ጨዉ ከእጄ ወደቀ።

ያ ቀዳዳ ወደ ጣራው የጭስ ማውጫ ይወጣል። በጭስ ማውጫው አፍ ላይ ደግሞ የጋሪ ጎማ የሚያህል የሽመላ ጎጆ ተቀምጧል። እኛ አገር ሽመላ ሐጂ ነው፤ መኸር ሲገባ ወደ ቅድስቲቱ አገር ሄዶ በጸደይ ይመለሳል ይባላል፤ ጎጆውን ያፈረሰ ቤት አይቀናውም። ወንድሜም አልነካውም። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ከድኖ፣ ጭሱን በረጅም ቱቦ በመስኮት እያወጣ ዕድሜውን ጨረሰ። ሲሞት ቱቦውን ቁራሌው ወሰደው። ያ የጭስ ማውጫ የተደፈነ መሆኑን የማያውቅ በመንደሩ የለም። ስለዚህም ለጄረን የነገራት የለም።

«እኔ እኮ» አለ ሳቢት፣ ፊቱ እየተለወጠ፣ «አሮጌው ቱቦ እቤት ያለ መስሎኝ... ደግሞ ሽመላዎቹ ሄደዋል።»

«ጎጆው አብሯቸው ሄዷል?»

የሚወለውልበትን ጨርቅ ሚዛኑ ላይ ጣለው።

«ዛሬ ዳቦ ልትወስድ መጥታለች?»

ወደ መደርደሪያው ዞረ። የጄረን ዳቦ በፌስታል እንደታሰረ እዚያው ነበር። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ አድሯል፤ አሁን ፀሐይዋ ከፍ ብላለች።

በሳቢት ባለ ሦስት እግር ሞተር፣ ከኋላ በሽንኩርት ጆንያና በጋዝ ሲሊንደር መሃል ተቀመጥኩ። ሱቁን እንኳ አልዘጋም። ጎረቤቴ ዶንዱ ደጇ ላይ በርበሬ ስትለቅም አየችኝ።

«ናዝሚዬ፣ በስተርጅና ተጠለፍሽ እንዴ?»

«ጄረን» ነው ያልኩት። ሌላ ቃል አልወጣኝም። በርበሬውን በትና ተከተለችን።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወደ ጣራው አየሁ፤ ከጎጆው ክር የምታህል ጭስ እንኳ አትወጣም። በሩን ገፋሁት፤ ከውስጥ ተቆልፏል። መንደራችን ውስጥ በር የሚቆልፍ የለም። ብቻዋን ሴት ልጅ ናት ብዬ ቆልፊ ያልኳት እኔ ነኝ። በቡጢ ደበደብኩት፤ ስሟን ጠራሁ። ያ ረቢ፣ የእኔን ዕድሜ ውሰድ እያልኩ የመስኮቱን ጨርቅ አሻግሬ ለማየት ሞከርኩ፤ የምድጃውን ጥቁር ሆድ እንጂ ሌላ አላየሁም።

ሳቢት ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጠቅልሎ መስተዋቱን ሰበረ፤ ዘሎ ገባ። ሲያስል ሰማሁት። ከዚያ መስማት አቆምኩ። በሩ እስኪከፈት ድረስ የቆየሁበት ጊዜ ዛሬም በሕልሜ ይመጣል።

ተሸክሟት ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ አስተኛት። ፊቷ ከገላ መታጠቢያ እንደወጣ ሰው ቀልቷል።

«ደሟ አለ፤ ደህና ናት» አለች ዶንዱ።

ያንን ቅላት አውቀዋለሁ። በልጅነቴ የጎረቤቶቻችን ሙሽሮች በከሰል ታፍነው ሲወጡ እንደዚያው ነበሩ፤ የተኙ የሚመስሉ፣ ያማሩ። ጎንበስ ብዬ ጉንጬን አፏ ላይ አደረግሁ። ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የድመት ግልገል እንደሚተነፍሰው ያለ አንድ ሙቀት ነካኝ።

«አለች» አልኩ።

ዶንዱ መርዝ ያረክሳል ብላ ከቤቷ እርጎ ልታመጣ ሄዳ እየሮጠች ተመለሰች። ሳቢት ለአምቡላንስ እየደወለ በአንድ እጁ ከለከላት።

«እርጎውን ለእኔ ስጪኝ። ለእሷ አየር ነው የሚያስፈልጋት።»

አምቡላንሱ ከወረዳው ከተማ እስኪደርስ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ በሻሼ አራገብኩላት። መጀመሪያ አስመለሳት። ቀጥሎ ዓይኗን ገለጠች። «አያቴ፣ ራሴን» አለች። ሲፈልጥሽ ደስ አለኝ አልኳት። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባትም።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጥተው አቆይተው መለሷት። እሷ ሳትመለስ ሳቢት ረጅም ቱቦ አምጥቶ በመስኮት አወጣላት፤ የግድግዳውን ቀዳዳም መልሶ ከደነው። ጎጆውን ማንም አልነካው። እኔም አፍርሱት አላልኩም፤ ቢሉኝም እጄ የሚነሳ አይመስለኝም።

አንካራ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ሻንጣዋን ግን አላወጣችም። ሻይ ቀድታልን፣ ብርጭቆዋን ይዛ «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች።

«ምኑን?» አለች ዶንዱ። «ውሃ ያረጥባል ብሎ የሚነግርሽ ትፈልጊያለሽ እንዴ?»

ጄረን አልሳቀችም። «አዎ» አለች። «እሱንም ንገሩኝ።»

ከሰዓቱን ሙሉ ነገርኳት። የጉድጓዱ ክዳን በግራ በኩል በስብሷል፣ እንዳትረግጪው። ከጥዱ ሥር የሚበቅለውን እንጉዳይ እንዳትነኪ፣ ቢያምርም። በረዶ ሲቀልጥ በድልድዩ ሳይሆን በወፍጮው በኩል ዙሪ። የአተር ክምር ውስጥ እጅሽን ሳታዪ አታስገቢ፣ እባብ አይጠፋውም።

«ሌላስ?»

አሰብኩ። «ይኸው ነው» አልኳት።

ዘንቢሏን አንጠልጥላ ዳቦ ልታመጣ ወጣች። እኔ መስኮቱ ጋ ቀረሁ። ጥጉ ላይ ስትደርስ ከኮረብታው የበግ መንጋ ሲወርድ አየሁ፤ ከመንጋው ፊት ሁለቱ ውሾች፣ ተኩላ እንዳይነክሳቸው የሚታሰረውን ባለ እሾህ ብረት አንገታቸው ላይ እንዳሰሩ። ጄረንም አየቻቸውና ቆመች። አንድ እግሯን ወደኋላ ስትል፣ ልትሮጥ መሆኑ ገባኝ። በመንጋ ፊት የሚሮጥን እነዚያ ውሾች አይምሩትም፤ መሬት የተቀመጠን ግን ያልፉታል። እዚህ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ያውቀዋል። እኔ አልነገርኳትም።

በጋለው ቱቦ ጎን አንገቴን አውጥቼ ጮኽኩ። «ጄረን፣ አትሩጪ። ቁጭ በይ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ በይ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ለምን አላለችም። አፈሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ዘንቢሏን እቅፏ ውስጥ አድርጋ። አንደኛው ውሻ መጥቶ ከፊቷ ቆመ፤ ትከሻዋን አሸተተ። እረኛው አፏጨ። መንጋው እንደ ውሃ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኟ አለፈ፤ እሷ ከመሃል አቧራው ውስጥ ጠፍታ ቆየች።

ጨርሶ ሲያልፍ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች፤ እጇን አውለበለበችልኝና መንገዷን ቀጠለች። እኔ ግን የመስኮቱን እንጨት አልለቀቅሁትም። ከዚህ እስከ ሳቢት ሱቅ ያለውን መንገድ በሐሳቤ አንድ በአንድ እየሄድኩ፣ ምን ቀረኝ፣ ምን ረሳሁ እላለሁ።