ከባቡሩ የወረደው ሰው

ፍሪጁ ሳይነቀል ቀረጻ የለም። እንደ ሽማግሌ ስለሚያጉረመርም፣ የተርጓሚው ልጅ ማይኩን ከመክፈቷ በፊት ወጥ ቤት ገብታ ሶኬቱን ትነቅላለች፤ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ትሰቅላለች፤ ለላይኛው ፎቅ ጎረቤትም "ለአንድ ሰዓት ወንበር እንዳይጎተት፣ አደራ" ብላ መልእክት ትልካለች። ከዚያ የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ራሷን ካፖርቶቹ መካከል ትከትና ማውራት ትጀምራለች። ድምፅ ሳያስተጋባ ጥርት ብሎ የሚቀረጸው እዚያ ውስጥ ነው። ስትጨርስ ታዲያ ሶኬቱን መመለስ ስለምትረሳ፣ እዚያ ቤት ስንት ወተት ተበላሽቷል።

አብሯት የሚሠራው የአክስቷ ልጅ መቀስ ይባላል። ምስሉን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው እሱ ነው፤ ቅጽል ስሙ የወጣለት ግን ከዚያ በፊት ነው፣ በምላሱ። ሁለቱ የድሮ የውጭ ፊልሞችን ከባለመብቶቹ እያስፈቀዱ፣ እሷ በአገር ቋንቋ እየተረከቻቸው፣ ኢንተርኔት ላይ ይጭናሉ። ቻናሉ "የተርጓሚው ልጅ" ነው ስሙ። እያንዳንዱ ቪዲዮም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይከፈታል፦ "አባቴ አንዲት ቃል ሳይጥል፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር የሚተረጉም ሰው ነበር፤ እኔ ልጁ ነኝ።" ተመልካቹ ይህችን በቃሉ ይዟታል። አንዳንዱ ኮሜንት ላይ ይጽፍላታል፤ አንዳንዱ ደግሞ "እሳት አመድ ወለደ" ብሎ ይነካካታል። አትቀየምም። እሳቱን ስለምታውቀው በአመድነቷ አታፍርም።

አባቷ በወጣትነቱ የውጭ ሰዎች በሚያሠሩት መንገድ ላይ ሾፌር ነበር፤ ቋንቋቸውን ከእነሱ ጋር ውሎ እያደረ ለቀመው። ኋላ የሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ሲከፈት፣ ፊልሙን እየተከተለ ለሕዝቡ የሚተረጉም ሰው ተፈለገና እሱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚጠራው ጠፋ፤ ተርጓሚው ሆኖ ቀረ። ማይኩን በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ከስክሪኑ በስተግራ ቆሞ፣ ከተዋናዩ አንድ ትንፋሽ ብቻ ወደኋላ እየቀረ ያወራል። ለሴት ብሎ ድምፁን አያቀጥንም፤ ለሕፃን ብሎ አይንጫጫም። ግን ማን እየተናገረ እንደሆነ የሚጠፋው ሰው አልነበረም። መብራት ሲሄድ እንኳ አያቆምም። አዳራሹ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ጆሮውን አቁሞ ይሰማዋል፤ መብራቱ ሲመጣ ፊልሙ እሱ ካወራው ቦታ ገና ወደኋላ ነው። ያኔ ጉሮሮውን ይጠርግና "እንዳልኳችሁ" ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ሁሉ የሚችለው ለሕዝብ ከማሳየቱ በፊት እያንዳንዱን ፊልም ጠዋት ብቻውን ተቀምጦ ስለሚያይ ነው። "ያላየሁትን አላወራም" ይል ነበር።

ተመልካቾቿ ሌት ተቀን የሚለምኗት አንድ ፊልም ነበር። ባሏ የሞተባት እናት አንድ ልጇን ባሕር ማዶ ወዳለ የማዕድን ማውጫ ትሸኛለች፤ ከዚያ ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ እየወጣች ትጠብቃለች፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ሻንጣ ይዞ ይወርድና ይተቃቀፋሉ። አባቷ ከሁሉም አብልጦ ያሳየው ይህን ነው፤ ሕዝቡም ፊልሙ ባለቀ ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅስ ነበር። "ተከታዮቻችን መቶ ሺህ ሲሞሉ አቀርብላችኋለሁ" ብላ ቃል ገባች። ሞሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ፊልሙን አፈላልጋ ከአንድ አሰባሳቢ እጅ አገኘችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከመቀስ ጋር ቁጭ ብለው አዩት። ቋንቋውን አባቷ ስላስተማራት የግርጌ ጽሑፍ አላስፈለጋትም። ተዋናዮቹ አፋቸውን ሲከፍቱ እሷ የአባቷን ቃል ቀድማ ታወጣዋለች፤ ይገጥማል። ሌላው ትዕይንትም ይገጥማል። ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ "አየህ? አየኸው ሰውዬውን?" እያለች የመቀስን ጉልበት ትመታለች።

የመጨረሻው ባቡር ቆመ። ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ ወረደ። አባቷ እዚህ ላይ የሚላትን ቃል አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ከእሱ ጋር ይላት ነበር፦ "መጣሁ እማዬ። ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም።" እሷም ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

ሰውዬው ግን ያለው ሌላ ነው። "እኔ እሱ አይደለሁም፣ እናቴ" ነው ያለው።

ምስሉን ወደኋላ መለሰችና አየችው። እንደገና መለሰችው። ልጁ ሞቷል፤ የመጣው ጓደኛው ነው።

"ጋሼ እዚች ጋ ቀዷታል" አለ መቀስ።

"አፍህን ዝጋ።"

"እዘጋለሁ። ግን የሰው አፍ አይዘጋልሽም። ዛሬ ቋንቋውን የሚያውቅ ሞልቷል። እንደሱ ብለሽ ከተረጎምሽ ይስቁብሻል፤ እንደ ፊልሙ ከተረጎምሽ ደግሞ 'አንዲት ቃል ሳይጥል' ያልሽው አባትሽ ውሸታም ሊባል ነው።" ከዚያ "ቅጂው ተበላሽቷል እንበልና እንተወው" አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ጋሼን እሱም ይወደው ነበር።

ቻናሉ አላሳሰባትም። ያሳሰባት ሌላ ነው፤ እዚህ ከፈጠረ ሌላ የት የት ፈጥሯል? ሰው ሁሉ አምኖት ያለቀሰበት፣ እሷ ራሷ አምናው ያደገችበት ያ ድምፅ፣ ስንቱ የእውነት ስንቱ የፈጠራ ነው? አባቷ ሲሞት ያልተሰማት ዓይነት ብቸኝነት ተሰማት። ያኔ ሰውዬውን ነበር ያጣችው፤ አሁን ደግሞ ማንነቱን ልታጣ ሆነ።

ከቪዲዮ ቤቱ ሰዎች በሕይወት የቀሩት የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ናቸው። አዳራሹ ሲንጫጫ መጥረጊያቸውን ከፍ አድርገው "ዝም በሉ" ስለሚሉ እማማ ዝምበሉ ይባሉ ነበር። ያ ፊልም ሲታይ እማማ መጥረግ አቁመው ከኋላ በር አጠገብ እንደሚቆሙ ልጅ ሆና አይታለች። እሑድ ጠዋት ተነስታ ሄደች።

ቤታቸው በጠባብ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አልጋው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ መጥረጊያው ጥግ ላይ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል።

"የተርጓሚው ልጅ" አሉ ገና ከበሩ። "ከስተሻል። ያ ኮምፒውተር እየበላሽ ነው።"

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ስለዚያች የባቡር ጣቢያ ፊልም።"

"ተቀመጪ።"

ነገሩን ዘረዘረችላቸው። እሳቸው አላቋረጧትም፤ አልደነገጡምም። ስትጨርስ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ።

"አባትሽ ያን ፊልም መጀመሪያ ያየው ጠዋት ነው፤ እንደ ልማዱ ብቻውን። እኔ ወንበሮቹ ሥር እጠርጋለሁ። ነገሩ ደስ አለኝና መጥረጊያዬን ተደግፌ አየሁ። ቋንቋው አይገባኝ፣ ምስሉን ነው የማየው። የኔ ልጅ ያኔ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። እንግዲህ ያ ሰውዬ ከባቡሩ ሲወርድና እናትየው ስታቅፈው ጊዜ፣ 'መጣላት አይደል?' አልኩት አባትሽን።"

"አባቴስ ምን አለ?"

"ዞሮ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ 'አዎ እትዬ፣ መጣላት' አለኝ። አመሻሹ ላይ ሕዝቡ ሞላ። እዚያ ቦታ ሲደርስ ከኋላ መኖሬን በዓይኑ ፈለገና፣ ሲያገኘኝ ነው ቃሏን ያላት። ጎረምሶቹ 'ሰውዬው ሌላ ነው እኮ' ብለው ተንጫጩ። 'ስደት ያልለወጠው ማን አለ?' አላቸው። ዝም አሉ። እውነቱን ነዋ።"

የተርጓሚው ልጅ እንባዋ መጣ። ለእኚህ ሴት ብሎ ነው። አንዲት ቃል የማይጥለው ሰው፣ ስሙን የሠራበትን ነገር፣ ከኋላ ለቆመች አንዲት እናት ሲል ጣለው። ልቧ ከድንጋጤ ወጥቶ ሞላ። ወዲያው ግን ሌላ ነገር አስጨነቃት፤ ዛሬ መጥታ ያን ሁሉ ዓመት የቆየ ነገር አፈረሰችባቸው።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ። አያውቁም ነበር፣ እኔ መጥቼ..."

"ምኑን ነው የማላውቀው?" አሉ እማማ፣ ቆጣ ብለው። "የፊልሙ ልጅ ሲሄድ እኮ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው። የወረደው ሰውዬ ግንባሩ ለስላሳ ነው። ዓመት ፊት ይለውጣል እንጂ ጠባሳ ይሰርቃል? እናት የሆነ ሰው ይኼ ይጠፋዋል? ያን ዕለት ማታ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ በየጊዜው ለምን ያዩት ነበር?"

"ይረሳኝ እንደሆነ ለማየት ነዋ።" እማማ ወደ በሩ ተመለከቱ። "ሰው ነው፣ ሥራ ይበዛበታል፣ አንድ ቀን ረስቶ እውነቱን ይለዋል ብዬ እጠብቅ ነበር። አንድም ቀን አልረሳኝም፣ ልጄ። የኔው እንደሄደ ቀረ። አባትሽ ግን ያን ፊልም ባሳየ ቁጥር ያመጣልኝ ነበር።"

ኋላ እማማ፣ "አሁን አርጅቻለሁ፣ እችለዋለሁ። ሰውዬው ምን ብሎ ኖሯል?" አሉ። ልጅቷ አፏን ስትከፍት በእጃቸው ገቷት። "እዚህ አይደለም። እንደ አባትሽ፣ ፊልሙ ላይ። እመጣለሁ።"

"ሰው ይሰማዋል እኮ እማማ። የርስዎም ነገር ይወጣል።"

"ይውጣ። ውሸታም የሚለው ካለ ወደኔ ላኪው፤ መጥረጊያዬ አሁንም አለ።"

በማግስቱ መቀስ ሄዶ አመጣቸው። ፍሪጁ ተነቀለ፤ ብርድ ልብሱ ተሰቀለ። የተርጓሚው ልጅ ወደ ቁም ሣጥኗ ልትገባ ስትል እማማ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ ትክ ብለው አዩዋት።

"አባትሽ በሰው ፊት ነበር የሚያወራው። አንቺ ከካፖርት ጋር ታወሪያለሽ?"

መቀስ ሳቁን በእጁ አፈነ። እሷ የካፖርቶቹን በር ዘጋችና ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ በስተግራ ቆመች። ማይኩን መሐረብ ጠቀለለችበት። ከካፖርት ውጪ ለሰው ስታወራ የመጀመሪያዋ ነበር።

"አባቴ" ብላ ጀመረች፣ "አንዲት ቃል ሳይጥል፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር የሚተረጉም ሰው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አውቆ ስቷል። ለማን ሲል እንደሳተ ዛሬ አሳያችኋለሁ።"

ፊልሙ ተጀመረ። ከተዋናዮቹ አንድ ትንፋሽ ወደኋላ እየቀረች ተከተለቻቸው። ልጁ ተሸኘ፤ እናትየዋ ጠበቀች፤ የመጨረሻው ባቡር ቆመ። ሰውዬው ወረደ። የተርጓሚው ልጅ እማማን በዓይኗ ፈለገች፤ አገኘቻቸው። ከዚያ ሰውዬው እንዳለው አለችው፦

"እኔ እሱ አይደለሁም፣ እናቴ። እስከ መጨረሻው አብሬው ነበርኩ። ስለ እርስዎ ሳያወራ የዋለበት ቀን ስላልነበረ፣ ከሩቅ አይቼ አወቅሁዎት።"

ባቡሩ ሄደ። ጣቢያው ባዶ ሆነ። እማማ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ስክሪኑን ያያሉ።

"ያወራ ነበር አለ?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ እማማ። በየቀኑ።"

"ያወራል እንግዲህ" አሉ፣ ለራሳቸው። "የትም ቢሆኑ ያወራሉ ማለት ነው።" ነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ፊታቸውን ጠረጉ። "ጥሩ ተርጉመሻል። አሁን ደግሞ የአባትሽን በይልኝ።"

መቀስ ሳይታዘዝ ምስሉን ወደኋላ መለሰው። ባቡሩ እንደገና ቆመ፤ ሰውዬው እንደገና ሻንጣውን ይዞ ወረደ። የተርጓሚው ልጅ ድምፅዋን አላወፈረችም፤ አባቷም ለማንም ብሎ ድምፁን ለውጦ አያውቅም።

"መጣሁ እማዬ። ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም።"

ከአልጋው ጫፍ፣ ድሮ ከኋላ በር አጠገብ ሆነው ማንም ሳይሰማ ይሉት እንደነበረው፣ እማማ መለሱለት፦

"ግባ፣ ልጄ። ምን ዘገየህ፣ ገና በጊዜ ነው።"

ቀረጻው ቆመ። መቀስ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ፤ ዓይኑ ቀልቷል። ወደ ተርጓሚው ልጅ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

"የእማማ ድምፅ ማይኩ ውስጥ ገብቷል። ልቁረጠው?"

"አንዲት ቃል እንዳትጥል" አለችው።