ዋስ ጥራ

ኮሌጅ ገብቼ የምማረው ቴያትር መሆኑን ለአባቴ የነገርኳቸው ራሴ ነኝ፤ ማንም አላሳበቀብኝም። በጥር፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ታች ጋይንት መጣሁና ገና የመንገዱን አቧራ ሳላራግፍ ዘረገፍኩት። ምን ላድርግ፣ ደስታ ሆዴ ውስጥ አይቀመጥልኝም። ታሪክም፣ ቋንቋም፣ ፍልስፍናም እንማራለን፤ ዋናው ትምህርቴ ግን ቴያትር ነው አልኳቸው። እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ፣ ድምፅ ሳይጮኹበት እንዴት ሩቅ እንደሚደርስ፣ ወጣት ሴት ወገቧን ሰብራ እንዴት ባልቴት እንደምትሆን፣ ሰው ሳይጎዳ እንዴት እንደሚወድቅ አሳየኋቸው። ቤቱ መሃል ደጋግሜ ወደቅሁ። እናቴ ፋንቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ አባቴ ግን አልሳቁም።

አባቴ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ በጋይንትም በስማዳም የታወቁ ነገር አዋቂ ናቸው። የርስት ክርክር የገጠመው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እኛ ቤት ነው። እኛ ቤት ያለ ዋስ የሚሆን ነገር የለም፤ ልጅ ሆኜ ወንዝ ልወርድ ስል እንኳ «በጊዜ እንደምትመለሽ ዋስሽ ማነው?» ይሉኝ ነበር። ያን ቀን አስቀድመው ደብረ ታቦር ወስዳ ያስተማረችኝን አክስቴን ጌጤን አማረሯት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አዝማሪ ሁኝ ብዬ አልላክሁሽም» አሉኝ።

አዝማሪ አይደለሁም ብል ማስረጃ ጠየቁኝ። ማስረጃማ ነበረኝ። ኮሌጁ በየአገራችን የሰደደን ቴያትር አይቶ ለማያውቅ ሕዝብ ቴያትር እንድናሳይ ነው፤ መምህራችን አቶ ቀለመ ወርቅ ደግሞ ራሳቸው እየዞሩ ያዩናል። እንግዲያው አባቴም ይምጡና ይዩ። በንስሐ አባታችን በአባ ገብረ ኢየሱስ ፊት ቃል ተጋባን፤ አባቴ አይተው ይፈርዳሉ፣ አዝማሪነት ሆኖ ካገኙት ኮሌጁ ይቀርና እስቴ ላለ አንድ ባለርስት እዳራለሁ። በመጨረሻም ኮሌጅ እመለሳለሁ የምትይው ማን ዋስ ሆኖሽ ነው ብለው ጠየቁኝ። አባ ገብረ ኢየሱስን ባያቸው መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ እናቴም አንገቷን ደፋች። ዋስ አልነበረኝም።

መፍራት ነበረብኝ፤ ግን ለመፍራት ጊዜ ከየት ይምጣ። ቴያትሩን የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንድ ጉልበተኛ ባላምባራስ የአንዲት ባልቴት ርስት ሊቀማ ይመጣል፤ ከደጇ ገፍትሮ ይጥላታል፣ ስቆ ይሄዳል፣ መጋረጃው ይዘጋል። ሕዝቡ አዝኖ ወደየቤቱ እንዲገባ ነበር ሐሳቤ። ባልቴቷ እኔ ነኝ፣ ባላምባራሱ ሙላው። ሙላው አርብ ገበያ ላይ ጨው የሚሸጥ፣ ድምፁ ወንዝ የሚሻገር፣ ሆዱ ግን ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ልምምድ ላይ እኔን በገፈተረ ቁጥር ይቅርታ እየጠየቀ አቃጠለኝ፤ አንድ ቀንማ ንዴቴ መጥቶ እኔው ገፈተርኩት።

በገበያው ቀን በትምህርት ቤቱ ግቢ ድንጋይ ላይ ሳንቃ ደርድረን፣ አቡጀዲ ሰፍተን መጋረጃ ዘረጋን። ገበያተኛው አህያውን አጥር ሥር እያሰረ ገባ። የገብስ ሻጩ፣ ካህኑ፣ ከስማዳ የመጣው ነጋዴ ሁሉ መሬቱን ሞላው። መምህር ቀለመ ወርቅ በኮታቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አባቴ ከሁሉም ኋላ፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ሳይቀመጡ ቆሙ። ፀጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሼ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጀመርን። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፤ ያ ዝምታ የኔ ነበር፣ በእጄ የያዝኩት ያህል ይሰማኛል። ሙላውም ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርታ ሳይጠይቅ ከልቡ ገፈተረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ወድቄ አላውቅም። አንዲት ሴት እሪ አለች። ሙላው ስቆ ሊወጣ ፊቱን ሲያዞር ከኋላ ድምፅ መጣ።

«በሕግ አምላክ፣ ቁም።»

አባቴ ናቸው። በእኛ አገር ይህ ቃል ከተጠራበት በኋላ እግሩን የሚያነሳ ሰው የለም፤ ሌባም ቢሆን ይቆማል። ሙላውም ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀጥል ብዬ ከወደቅሁበት በሹክሹክታ ተቆጣሁት።

«በሕግ አምላክ ተብያለሁ እኮ» አለኝ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

አለቀልኝ አልኩ። አባቴ ቴያትሩን ሊያስቆሙ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ፀጉሬን ይዘው ሊያወርዱኝ መጡ። መምህራችን በመድረክና በተመልካች መካከል የማይታይ ግድግዳ አለ፣ ማንም አያልፈውም ብለው ያስተማሩን ትዝ አለኝ። አባቴ ሕዝቡን እየከፈሉ መጥተው በዱላቸው ተመርኩዘው ሳንቃው ላይ ወጡ። እኔን ግን አላዩኝም። የሙላውን የጋቢ ጫፍ ያዙ፣ የኔን የነጠላ ጫፍ ያዙ፣ ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንደሚቆራኙት አድርገው ቋጠሩን።

«ዋስ ጥራ» አሉት ሙላውን።

ያኔ ገባኝ። የመጡት ለእኔ ለልጃቸው ለብርነሽ አይደለም፤ ለባልቴቷ ነው የመጡት። አወዳደቄን ቤት ውስጥ ደጋግመው አይተውታል፤ ያም ሆኖ አመኑኝ። «አባቴ፣ ጨዋታ ነው እኮ» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል። አላልኩም።

«ጌታዬ፣ የሚሟገትልኝ ዘመድ የለኝም» አልኳቸው በባልቴቷ ድምፅ።

«አለሽ» አሉና ለሙግት ኩታቸውን አጣፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኮሌጅ ውስጥ ማንም አላስተማረኝም። ዳኛ ያስፈልግ ነበር፤ በጥንቱ ወግ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ዘመድ ያልሆነ መንገደኛ ተይዞ ይዳኛል። አባቴ ግራ ቀኝ ቢያዩ አገሬው ሁሉ የሚዛመድ ሆነባቸው። ዱላቸውን ወደ መምህር ቀለመ ወርቅ ዘርግተው ለእግዜር ብለው እንዲዳኙን ለመኗቸው። ሊፈትኑኝ የመጡት መምህር ሕዝቡ እየገፋቸው መድረክ ላይ ወጡና ዳኛ ሆነው ተቀመጡ።

አባቴ ተሟገቱ። ዱላቸውን ሲወረውሩት ተመልሶ እጃቸው ይገባል፤ ወደፊት ይራመዳሉ፣ ድንገት ይቆማሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ያሰግጋል። ሳይጮሁ አጥር ሥር ያለው አህያ ድረስ ይሰማሉ። እኔ ዓመታት ሙሉ የምማረውን እኚህ ሰውዬ ኖረውበታል! ሙላውም በነገሩ ሞቀ፤ ለካ መልስ አያጣም፣ ዘር ቆጥሮ ርስቱ የአያቱ መሆኑን ሞገተ። ሕዝቡ ወዲያና ወዲህ ተከፍሎ አጉረመረመ። በመጨረሻ መምህሬ ተነሥተው ርስቱ ለባልቴቷ ይመለስ ብለው ፈረዱ፤ ባላምባራሱ ሁለተኛ እንዳይደርስባት አንድ ማር ሻጭ ሽማግሌ ዋስ ሆነ፤ ቋጠሮው ተፈታ። እልልታው ገበያውን አናወጠው።

አባቴ በእልልታው መካከል መጋረጃውን አዩ። ከትከሻዬ ላይ የረገፈውን ዱቄት አዩ። መምህሬ ያጨበጭባሉ፣ ገበያተኛው «ወልደ ጊዮርጊስ ቴያትር ሠራ» እያለ ይስቃል። ፊታቸው ቀላ። እኔም ያፈረ ሰው ክፉ ይፈርዳል ብዬ ሰጋሁ። አባ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ፣ ጊዜ አያውቁ፣ ቀረብ ብለው ቃላቸውን አስታወሷቸውና ፍርድዎ ምንድን ነው አሏቸው።

አባቴ ዱላቸውን ሳንቃው ላይ ተከሉ።

«አዝማሪነት ቢሆንማ ቁጭ ብዬ እሰማው ነበር» አሉ። «ኮሌጇ ትመለስ። ዋሷ እኔ ነኝ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ይሄኛው የትምህርት ቤት አወዳደቅ አልነበረም። ክንዴን ይዘው አነሱኝና ሰው እንዳይሰማቸው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ይኸ ባላምባራስ ይግባኝ ያለ እንደሆን ግን፣ ልከሽ አስጠሪኝ።»