ሲሚንቶው ይበርዳል

ቡልጋሪያ፣ ሶፍያ ከተማ ሳለሁ የፒያኖ ፕሮፌሰሬ በእጄ ተናደውብኝ አያውቁም፤ ያበገናቸው እግሬ ነበር። ስጫወት ሁለቱም እግሮቼ በየተራ ወለሉን ይረግጣሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ለመኑኝ፣ ጮኹብኝ፣ አንድ ቀን እንዲያውም ቁርጭምጭሚቴን በሻርፓቸው ከወንበሩ ጋር አሰሩት። አልሆነም። ይህን አመል ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «እንጃ» እላለሁ። አሳምሬ አውቅ ነበር። ያመጣሁት ከመካኒሳ፣ ከእትዬ ገበያነሽ ቤት ነው።

እትዬ ገበያነሽ ከወላይታ የመጡ ጴንጤ ነበሩ። ሳሎናቸው ውስጥ በእግር ካልረገጡት ትንፍሽ የማይል አሮጌ ኦርጋን ነበራቸው። እኔን የፉሪ ገበሬ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ በነፃ አስተማሩኝ። ሳልለማመድ መጥቼ «ተለማምጃለሁ» ያልኩ ዕለት ግን ኦርጋኑን ከድነው በር ድረስ ይሸኙኛል።

«እጅህ ቢሳሳት እኔ አርመዋለሁ» ይሉኝ ነበር፤ «አፍህን ግን አንተው አርመው።»

በ1969 ለስኮላርሺፕ የሕይወት ታሪኬን ስሞላ፣ «ሙዚቃ የት ተማርክ?» ለሚለው «በቀበሌያችን የኪነት ቡድን» ብዬ ጻፍኩ። ቡድኑ የነበረው አንድ ከበሮ ነው። ጴንጤ አስተማረችኝ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ሶፍያን የማያት በካርታ ላይ ብቻ ነበር።

ተመልሼ በመጣሁ በዓመቱ፣ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያ ኮንሰርቴን ላቀርብ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛው አስጠራኝ። ቢሮው ስገባ እትዬ ገበያነሽ ቆመዋል። ኦርጋናቸውም ተወስዶ ግድግዳው ሥር፣ ሲሚንቶው ወለል ላይ ተቀምጧል።

«ጓድ ሮበሌ፣ ስድስት ልጆች ቤታቸው ሰብስበው አገኘናቸው» አለኝ ጓድ ግዛው ወንበር እየሰጠኝ። «ሕገ ወጥ የጸሎት ስብሰባ ነው ብለን ያዝናቸው። እሳቸው ደግሞ ሙዚቃ እያስተማርኩ ነበር ይላሉ። አንተንም ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው አሉ። እውነት ከሆነ እዚህ ላይ ፈርምና አሁኑኑ ቤታቸው ይግቡ። ካልሆነ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ነው የምናስተላልፋቸው።»

አንዲት ፊርማ ነበረች የተፈለገችብኝ። ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ግን ያ የሞላሁት ፎርም ነው፤ ከፎርሙ ቀጥሎ ኮንሰርቱ።

«በሰፈር አውቃቸዋለሁ» አልኩ። «ሙዚቃ ግን አላስተማሩኝም።»

እፍረቱ ወዲያው መጣ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። እትዬ ገበያነሽ ቀና ብለውም አላዩኝም። ጓድ ግዛው ተጠራጥሮ ይሁን ተሰላችቶ፣ ወደ ኦርጋኑ ጠቆማቸው።

«እስቲ ይጫወቱ። ጓድ ሮበሌ ባለሙያ ነው፤ አስተማሪ መሆን አለመሆንዎን ሰምቶ ይንገረን።»

ተቀመጡ። መዝሙር አልተጫወቱም። ለጀማሪ የሚያስተምሩትን፣ እኔም በዘጠኝ ዓመቴ የተማርኩትን የጣት ማሟሻ ጀመሩ። ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ጓድ ግዛው ወደ ወንበሬ ሥር አጎነበሰ።

«እግርህን ምን ነካው?»

ቁልቁል አየሁ። ሁለቱም እግሮቼ ከእሳቸው እግሮች ጋር እኩል ይረግጣሉ። ላቆማቸው ብሞክር እምቢ አሉኝ። ጓድ ግዛው አንዴ የእኔን፣ አንዴ የእሳቸውን እግር ያያል። ያን ጊዜ እንኳ «አዎ» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጉልበቶቼን በሁለት እጄ ተጫንኩ።

እትዬ ገበያነሽ መጫወታቸውን አቆሙ።

«ሲሚንቶው ይበርዳል» አሉ። «ብርድ ነው የሚያንቀጠቅጠው። ይልቀቁት። ስሙን የጠራሁት ተሳስቼ ነው፤ አስተምሬው አላውቅም።»

ከእሳቸው አፍ ውሸት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የዋሹት ለእኔ ነው። እኔም «አመሰግናለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር» ብዬ ወጣሁ።

ስምንት ወር ታሰሩ። አንድ ቀን እንኳ ስንቅ ይዤ ልጠይቃቸው አልሄድኩም። ኮንሰርቱ አማረልኝ፤ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ፕሮፌሰሬ ቢያዩኝ ደስታቸውን አይችሉትም ነበር፤ ቀኝ እግሬ ፔዳሉን ከመንካት በቀር እግሮቼ ንቅንቅ አላሉም።

ከዚያ ወዲህም ንቅንቅ ብለው አያውቁም። ቤቴ ብቻዬን ስሆን ያንን የጣት ማሟሻ ደጋግሜ እየተጫወትኩ እግሮቼ እስኪነሱ እጠብቃለሁ። ሲሚንቶው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።